ክብረ ወሰንና አዲሱ የሩጫ ቴክኖሎጂ

የማራቶን ጫማ ለረጅም ዘመን ዋና ሥራው እግርን ከአስፋልት መጠበቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ናይኪ ቬፐርፍላይ የተባለውን ጫማ ለገበያ ካቀረበ በኋላ ግን ጫማ ራሱ የውጤት ምንጭ ሆነ። ሶሉ በጣም ቀላል ከሆነ ፎም የተሠራ ነው፤ ፎሙ ሲረገጥ ይጨመቅና የተቀበለውን ጉልበት አብዛኛውን መልሶ ይሰጣል። በመሀሉ የተቀበረው የካርቦን ንጣፍ ደግሞ ሶሉን ጠንከር አድርጎ በእግር ጣቶች መታጠፍ የሚባክነውን ኃይል ይቆጥባል። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሙከራ ሯጮች በእኩል ፍጥነት ሲሮጡ በዚህ ጫማ ያወጡት ጉልበት በአማካይ 4 በመቶ ያህል ቀንሷል። ቁጥሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ 42 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው በደቂቃ የሚቆጠር ትርፍ ነው።

በ2023 ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ 2:11:53 ገብታ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ስታሻሽል ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ አንዱ እግር 138 ግራም ያህል ይመዝናል። ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 500 ዶላር ነበር፤ የተሠራውም ለአንድ ማራቶን ያህል እንዲያገለግል ነው። በሪዮ ኦሊምፒክ በ800 ሜትር የተወዳደረችው ትዕግስት ማራቶን ላይ እስክትነግሥ የከፈለችውን ልፋት ግን የትኛውም ሶል አይተካውም።

የዓለም አትሌቲክስ በ2020 የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይወፍር፣ ንጣፉም ከአንድ እንዳይበልጥ ደነገገ። በቀጣዩ ዓመት ደራራ ሁሪሳ የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ቢጨርስም ሶሉ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ድሉን ተነጠቀ። ያስመዘገበው ሌላ ጫማ ነበር። የአንድ ሴንቲ ሜትር ብልጫ የወራት ልምምድን ከንቱ አደረገ።

በመም ውድድርም አሯሯጩ ተለውጧል። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 ብራስልስ ላይ በ10,000 ሜትር ያስመዘገበው 26:17.53 በ2020 ቫሌንሲያ ላይ በጆሹዋ ቼፕቴጌይ ሲሰበር፣ በመሙ ጠርዝ የተደረደሩ መብራቶች በታቀደው ፍጥነት ተራ በተራ እየበሩ ይመሩት ነበር። በዚያው ምሽት ለተሰንበት ግደይ የጥሩነሽ ዲባባን የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰን አሻሽላለች። መብራት አይደክምም፣ ፍጥነቱም አይዛነፍም፤ ስለዚህ የቀነኒሳን ዘመን ሰዓት ከዛሬው ጋር አስተያይቶ መፍረድ አስቸጋሪ ሆኗል።

ቀጣዩ እርምጃ ለእያንዳንዱ ሯጭ አረጋገጥ የሚስማማ ጫማ መሥራት ይመስላል፤ አንድ ዓይነት ሶል ለሁሉም እኩል አይጠቅምምና። የአመራረቱ ዘዴም እየተለወጠ ነው፤ ሄለን ኦቢሪ በ2024 የቦስተን ማራቶንን ያሸነፈችበት ኦን የተባለው ኩባንያ ጫማ የላይኛው ክፍል ያለ ስፌት በሮቦት ክንድ የተረጨ ነው። የጫማዎች እንዲህ መራቀቅ ደግሞ ቁጥጥርን ያከብደዋል፤ ውፍረት በማስመሪያ ይለካል፣ ፎም የሚመልሰው ጉልበት ግን በዓይን አይታይም።

ከሁሉ የሚያሳስበው እነዚህ ጫማዎች ለሁሉም አለመዳረሳቸው ነው። ጫማው ገበያ ላይ ዋለ ማለት ሱሉልታ ወይም እንጦጦ ላይ ያለ ስፖንሰር የሚለማመድ ወጣት ይገዛዋል ማለት አይደለም። ወጣቶችን በሰዓት ብቻ አወዳድሮ የሚመርጥ አሠልጣኝ ወይም ማናጀር ከእንግዲህ እያንዳንዱ ምን ተጫምቶ እንደሮጠም መጠየቅ ይኖርበታል።