ያውቁ ኖሯል? ሞት የማያውቁ ህዋሳት የሚቀመጡባቸው ባንኮች!

በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ ካምደን በምትባል ከተማ፣ ከ1972 ጀምሮ የሰው ህዋስ የሚጠራቀምበት ባንክ እንዳለ ያውቁ ኖሯል? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የሚገኘው ኮሪየል በተባለ የምርምር ተቋም ውስጥ ነው። በዘር የሚተላለፍ በሽታ ያለባቸውም ጤነኞችም ሰጥተውበታል። የባሕር ማዶ ተመራማሪም ያዝዛል፤ ይላክለታል!

ህዋሳቱ የሚቀመጡት በፈሳሽ ናይትሮጅን ታንክ ነው። ፈሳሹ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ይቀዘቅዛል! አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት ይቆያሉ። ወጥተው ሲሞቁ መባዛታቸውን ይቀጥላሉ!

የዚህን መንገድ የከፈተው ምን ይመስልዎታል? እጃችንን የምንቀባው ግሊሰሪን! በ1949 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የአውራ ዶሮ ዘር ፈሳሽ አቀዝቅዘው በሕይወት ለማቆየት ይሞክሩ ነበር። ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ተሳስቶ ነበርና ስኳር የጨመሩ መሰላቸው። ለካ ግሊሰሪን ኖሯል! ዘሩም ዳነ።

ነጭ የደም ህዋስ ከሰውነት ከወጣ ብዙ አይቆይም። ታዲያ ባለሙያዎቹ ምን አደረጉ? ኤፕስታይን ባር የተባለ ቫይረስ አስያዙት! ያን ጊዜ ህዋሱ ሳያቋርጥ ይባዛል። ቫይረሱ ደግሞ ብርቅ አይደለም፤ ከአሥር አዋቂዎች ዘጠኙ ተሸክመውት ይኖራሉ። እርስዎም ሳይኖርብዎት አይቀርም!

ሕያው ህዋስ በጥቅል ዕቃ ይጓዛል ቢባሉ ያምናሉ? ትንሽዬ የፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ አፏ ድረስ በምግብ ፈሳሽ ትሞላለች፤ ክዳኗ ጥብቅ ይደረጋል፤ ከዚያ ያለ በረዶ ትላካለች! እንደደረሰች 37 ዲግሪ ሙቀት ያለው ሣጥን ይጠብቃታል።

በ1958 በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ በማርች ወር አንድ ሳምንት ውስጥ የተወለዱ 17,000 ያህል ሕፃናት ተመዘገቡ። ዓላማው የወሊድ ጊዜ ሞትን ማጥናት ነበር። ዕድሜያቸው አርባዎቹን ሲያጋምስ ብዙዎቹ ደም ሰጡ። ህዋሳቸውም ባንክ ገባ!

አሁን ደግሞ ይህን ይስሙ! በ2007 የብሪታንያ ተመራማሪዎች ሰባት በሽታዎችን በአንድ ላይ ፈተሹ። ሁለቱን የስኳር በሽታ ዓይነቶች፣ የደም ግፊትን፣ የልብ ደም ሥር በሽታን፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማትን፣ ክሮን የተባለውን የአንጀት ሕመምና ባይፖላርን! ለእያንዳንዱ 2,000 ያህል ታማሚዎች ቀረቡ። ማነጻጸሪያ የሆኑት ግን ለሰባቱም በሽታ እነዚያው 3,000 ሰዎች ነበሩ! ግማሾቹ የ1958ቱ ሕፃናት ናቸው። አንድ ናሙና ሰባት ጊዜ መሰከረ! ከባንኮቹ ድንቅ ሁሉ እኔን የሚያስደምመኝ ይሄ ነው።

የኛስ ወላይታ? በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ሲሄዱ የሚይዘው የእግር ዝሆኔ ለምን አንዱን ይዞ ሌላውን ይተዋል? 194 ታማሚዎችና 203 ጤነኞች ተነጻጸሩ። በ2012 መልሱ ታተመ፤ ከሰውነት መከላከያ ዘረ መሎች ጋር የተያያዘ ነው!

በቬኔዙዌላ፣ በማራካይቦ ሐይቅ ዳርቻ፣ ሀንቲንግተን የተባለው ከባድ የነርቭ በሽታ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። ናንሲ ዌክስለር እናታቸውን በዚሁ በሽታ ያጡ ተመራማሪ ናቸው። ዓመት በዓመት እየተመላለሱ ከ4,000 በላይ የደም ናሙና አሰባሰቡ! የዘር ሐረጉ 18,000 ሰው ደረሰ። ዘረ መሉም በ1993 ተገኘ!

የብሪታንያው ዩኬ ባዮባንክ ከ2006 እስከ 2010 ግማሽ ሚሊዮን ፈቃደኞችን መዘገበ። ሁሉም ከ40 እስከ 69 ዓመት! ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ናሙናዎች ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይቀመጣሉ። ገብቶ የሚያወጣቸው ሮቦት ነው! መጠባበቂያዎቹ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ናቸው።

ከአሜሪካ የዩታ ግዛት የሆኑ አንዲት እናት አሉ። ስማቸው አልተገለጸም፤ የሚታወቁት በቁጥር ብቻ ነው። ዲኤንኤያቸው ግን ከ2015 ጀምሮ በብልቃጥ ይሸጣል! ላቦራቶሪዎች ማሽናቸው በትክክል ማንበቡን የሚያረጋግጡበት የሚዛን ድንጋይ ሆኗል። የወላጆቻቸው፣ የባላቸው፣ የአማቶቻቸውና የ11 ልጆቻቸው ህዋስም አብሮ ተቀምጧል። 17 ሰዎች፣ ሦስት ትውልድ፣ በአንድ ባንክ!