ላዕላይ ክርና ታሕታይ ክር

ከባሕር ማዶ መጥተው በቤታችን ከተቀመጡት መሣሪያዎች መካከል እንደ ስፌት መኪና ብዙ አገልግሎ ጥቂት የተመሰገነ፣ ሳይጠናም የተወቀሰ ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሬዲዮኑን በተጠለፈ ጨርቅ አልብሶ ከክብር ቦታ የሚያኖረው ቤተሰብ፣ ያንኑ ጨርቅ የዘመዘመችለትን፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ልብስ በየመስከረሙ የምታሳጥረውንና የምታስረዝመውን መኪና ግን ከበረንዳ ጥግ ለአቧራና ለፀሐይ ትቷት ይኖራል፤ ክሯ በተቋጠረ ጊዜም ሥርወ ነገሩን መርምሮ ከማግኘት ይልቅ «ይህች መኪና አርጅታለች» ብሎ መፍረድ ይቀለዋል። ስለዚህች መኪና፣ ይልቁንም ስለ ክሯ፣ ጠበቃ ሆኜ ለመናገር የተነሣሁት ፍርዱ ያለ ምርመራ የተሰጠ መሆኑን ስለማምን ነው።

በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ይህን ጉዳይ ማንሣት ከቦታው የራቀ አይሆንም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ በነበሩበት ዘመን የቆረቈሯት፣ ለብዙ ዓመታትም አሰበ ተፈሪ ስትባል የኖረችው ጭሮ፣ ከርሷም ወዲያ ሂርና፣ ወደ ደቡብም በደሳና ገለምሶ የገበያ ከተሞች ናቸውና፣ በገበያ ቀን ከገጠር የወጣች እናት ጨርቋን ከአንዱ ገዝታ፣ ከሌላው ዘንድ አሰፍታ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቀዬዋ ትመለሳለች። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፣ ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ ከጨርጨር ተራሮች ግርጌ በሚኤሶና በአሰቦት በኩል ያልፍ ስለ ነበር የባሕር ማዶ ብልሃት ለዚህ ሀገር ባዕድ አልነበረም። በጎረቤት በሐረርም፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጀጎል መሐል የሚዘልቀው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ከነዚሁ መኪናዎች ድምፅ የተነሣ «መኪና ግርግር» ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠራል። የቁልቢ ገብርኤል ምእመናን በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ዋዜማ በጭሮ መንገድ ሲጐርፉ፣ እንዲሁም የኢድ በዓል ሲቃረብ፣ ልብስ ሰፊው እንቅልፍ ያጣል፤ ለወራት ተሸፍና የከረመችው የቤት መኪናም ድንገት ተገልጣ ሥራ የምትታዘዘው፣ ክሯንም የምትቋጥረው በዚሁ ሰሞን ነው።

ስለ መኪናዋ ጠቅላላ አሠራር ብዙ አልልም፤ ሲንጀርም ትሁን ከሻንግሃይ የመጣችው በተርፍላይ፣ በእግር የምትረገጥም ትሁን በእጅ የምትዘወር፣ ነገሩ አንድ ነውና። የእጅ መርፌ ዓይኑ በጀርባው በኩል ሲሆን የመኪና መርፌ ዓይኑ ከጫፉ አጠገብ ነው። ኤልያስ ሃው የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1846 የፈጠራ ባለመብት የሆነበት፣ አይዛክ ሲንጀርም በ1851 በራሱ መኪና ላይ የተጠቀመበት ጥበብ፣ ይህን መርፌ ከሁለት ክሮች ጋር ማዋሐድ ነው። ላዕላዩ ክር ከመርፌዋ ጋር ጨርቁን ሰንጥቆ ይወርዳል፤ መርፌዋ መመለስ ስትጀምር ክሩ ጥቂት ይላላና ትንሽ ቀለበት ይሠራል፤ ከሥር ያለው መንጠቆ ቀለበቱን ይዞ ታሕታዩ ክር በተጠነጠነበት በቦቢኑ ዙሪያ ያሳልፈዋል፤ በዚህም ታሕታዩ ክር በቀለበቱ ውስጥ ያልፋል፤ ክር ሳቢው ክንድ ደግሞ ከላይ ሆኖ ትርፉን ወደ ላይ ይስባል፤ ሁለቱ ክሮችም ከላይም ከታችም በማይታይ ስፍራ፣ በጨርቁ ማእከል ላይ፣ ተያይዘው ይጸናሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ሰፊዋ ጨርቁን አውጥታ ስትገለብጠው በታችኛው ፊቱ ላይ ክሩ ውሉ እንደ ጠፋበት ልቃቂት ተከምሮ ታገኘዋለች። ይህን ያየ ሰው አብዛኛው፣ ክምሩ ከታች ስለ ታየ ጥፋቱም ከታች ነው ብሎ ይፈርዳል፤ ቦቢኑን ያወጣል፣ ክሩን ፈትቶ መልሶ ያጠነጥናል፣ የቦቢኑን ቤት ይነቅላል፣ በመጨረሻም ካቻቢቴ አንሥቶ በቦቢኑ ቤት ጐን ያለችውን ትንሿን ብሎን ማዞር ይጀምራል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ከታች የተከመረው ክር የላዕላዩ ክር እንጂ የታሕታዩ አይደለም። የሚጠራጠር ቢኖር ከላይ ጥቁር፣ ከታች ነጭ ክር አግብቶ ይስፋ፤ ከታች ተከምሮ የሚያገኘው ጥቁሩን ነው።

የዚህ ምክንያቱ ምንድር ነው ቢሉ፣ ክር ሳቢው ክንድ ወደ ላይ በተነሣ ቍጥር ክር ይፈልጋል፤ የሚፈልገውንም ክር ከሁለት ወገን ማግኘት ይችላል። አንደኛው ወገን ከጨርቁ ሥር የተረፈው ቀለበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከላይ በመኪናዋ ራስ ላይ የተቀመጠው ጥቅል ነው። ክሩ በሁለቱ ሳህን መሳይ የውጥረት ብረቶች መካከል በደንብ ተጨብጦ እንደሆነ፣ ከጥቅሉ ወገን ያለው ክር በቀላሉ አይለቀቅምና ክንዱ ከጨርቁ ሥር ያለውን ትርፍ ስቦ ያወጣል፤ ስፌቱም ይጠብቃል። ክሩ በብረቶቹ መካከል ሳይገባ በላያቸው ላይ ብቻ አልፎ እንደሆነ ግን፣ ክንዱ ምንም ሳይቸገር ከጥቅሉ አዲስ ክር ይስባል፤ ከሥር የተረፈው ቀለበት የሚያነሣው አጥቶ እዚያው ይቀራል፤ ሁለተኛው ቀለበት በላዩ ይጨመራል፣ ሦስተኛውም እንዲሁ፣ እስኪከመር ድረስ። ስለዚህ ምክንያቱ ላዕላይ፣ ውጤቱ ታሕታይ ነው፤ ውጤቱ በታየበት ቦታ ምክንያቱን የሚፈልግ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢደክም አያገኘውም።

ክሩ በብረቶቹ መካከል የማይገባውስ ለምንድር ነው? ጨርቁን የሚጫነው እግር በተነሣ ጊዜ ሁለቱ ብረቶች ይከፈታሉ፤ እግሩ በወረደ ጊዜ ይዘጋሉ። ይህን መኪናዋን የሠራት ባለሙያ ሆን ብሎ ያደረገው ነው፤ እግሩ ሲነሣ ጨርቁን ያለ ትግል ለማውጣት፣ ሲወርድ ደግሞ ክሩን ጨብጦ ለመስፋት እንዲመች። ነገር ግን ችኩሉ ሰፊ እግሩን አውርዶ ሳለ ክር ያገባል፤ ክሩ የተዘጋ ደጅ ስለሚገጥመው በብረቶቹ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ለዓይንም የገባ ይመስላል። ሌላው ሰው ደግሞ ክሩን በሥርዓቱ አግብቶ፣ ወፍራም ጨርቅ ከእግሩ ሥር ካኖረ በኋላ እግሩን ማውረድ ይረሳል፤ ጨርቁ ራሱ ስለሚሞላው እግሩ የወረደ መስሎ ይታየዋል፣ ብረቶቹ ግን ክፍት ናቸው። ደግሞም ክሩ ከክር ሳቢው ክንድ ቀዳዳ ወጥቶ እንደሆነ፣ ትርፉን የሚያነሣ ጨርሶ የለምና መኪናዋ በጥቂት ስፌት ውስጥ ታንቃ ትቆማለች። በብረቶቹ መካከል የቈየ የክር ቍራጭ ወይም ብናኝ ገብቶ ከሆነም አይገጥሙም፤ እግሩን አንሥቶ በታጠፈ የጨርቅ ጠርዝ መካከላቸውን መጥረግ ይበቃል።

በጭሮ ከጎረቤቴ የምትኖር አንዲት ወጣት እናት ለበዓል የልጇን ቀሚስ ስትሰፋ ይኸው ደርሶባት ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ የታችኛው ክር አስቸገረኝ፤ ፈትቼ ጠነጠንኩት፣ አሁንም ያው ነው» አለችኝ።

«እግሩን አንሺውና የላይኛውን ክር ነቅለሽ እንደገና አግቢው» አልኳት።

«የላይኛው ምን አደረገ? የተበላሸው የታችኛው ነው እኮ!»

«ግድ የለም፣ አግቢው።»

እግሩን አነሣች፤ ክሩንም በሁለት እጇ ወጠር አድርጋ በብረቶቹ መካከል ስትስበው ወደ ውስጥ ጠለቅ ሲል ታወቃት። ከዚያም እግሩን አውርዳ ክሩን ጥቂት ብትስበው ያዝ አደረጋት፤ እግሩን አንሥታ ብትስበው ደግሞ ያለ ችግር ተለቀቀ። ክር በደንብ መግባቱን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም፤ ከመስፋት በፊት ሁልጊዜ ሊደረግ ይገባዋል። ቀሚሱንም በዚያው ሌሊት ጨረሰችው።

የቦቢኑን ቤት ብሎን ስለሚነኩ ሰዎች ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ያች ብሎን እጅግ ትንሽ ናት፤ አንድ ጊዜ ከተስተካከለች በኋላ ዓመታት ሳትነካ ልትኖር ትችላለች። በየችግሩ ወደ እርሷ የሚሮጥ ሰው ሳይታመም መድኃኒት የሚውጥ ነው፤ ላዕላዩን ጥፋት ሳያርም ታሕታዩን ያበላሸዋል፤ ከዚያ በኋላ ጥፋቱ ሁለት ይሆናል። ብሎኗ ከመጠን በላይ ስትላላ ወልቃ ከወለል ስንጥቅ ትገባና የቦቢኑ ቤት ዋጋ ቢስ ይሆናል። በእውነት መንካት የሚያስፈልግ ከሆነ፣ መጀመሪያ የቆመችበትን አቅጣጫ ልብ ብሎ፣ ከሩብ ዙር ባነሰ ማዞር፣ ከዚያም መፈተን ነው። ፈተናውም ይህ ነው፤ ቦቢኑ ከነቤቱ ከክሩ ጫፍ ተንጠልጥሎ ሲያዝ ባለበት ይቆያል፤ እጅን ቀስ አድርገው ሲነቀንቁት ጥቂት ወርዶ ይቆማል። ሳይነቀንቁት ከወረደ ላልቷል፤ ነቅንቀውትም ካልወረደ ጠብቋል።

የዚህ ግልባጭ የሆነው ጥፋት፣ ማለት የታሕታዩ ክር ነጠብጣብ በጨርቁ የላይ ፊት ላይ ሲታይ፣ የሚመጣው ላዕላዩ ከመጠን በላይ ተወጥሮ ወይም ታሕታዩ ላልቶ ነው። በቅድሚያ የላይኛውን የውጥረት ብሎን በእጅ ጥቂት ማላላት ነው፤ እንቢ ካለ በቦቢኑ ቤት ላይ ካለችው ስስ ብረት ሥር ብናኝ ገብቶ ብረቷን አንሥቷት እንደሆነ ይታይ። በበጋ የሚኤሶ አቧራ ወደ ሁሉም ነገር ይገባልና ይህ በቈላው ከተሞች ይበረታል።

ስለ ክር መበጠስ ጥቂት ልበል። ለአንድ ስፌት ጨርቁ ውስጥ የሚቀረው ላዕላይ ክር ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ መንጠቆው በቦቢኑ ዙሪያ ለማሳለፍ የሚስበው ግን ብዙ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ትርፉም በየጊዜው ወደ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ አንዲት የክር ቍራጭ በጨርቁ ውስጥ ከመጽናቷ በፊት በመርፌዋ ዓይን በኩል በአሥሮች የሚቈጠር ጊዜ ትወጣለች ትወርዳለች። የመርፌዋ ዓይን ጥቂት እንኳ ሻካራ ቢሆን፣ ወይም ለክሩ ቢጠብብ፣ ክሩ በዚህ ምልልስ ተፍቆ ይበጠሳል፤ ሰውም ክሩን ይረግማል። የደነዘዘች ወይም የጎበጠች መርፌ ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ መጣል ይሻላል። ለስስ ድርያ ቍጥር 9 ወይም 11፣ ለአቡጀዲና ለቴትሮን 14፣ ለጂንስ 16 ይበቃል። መርፌዋ ስትገባ ጠፍጣፋው ጐኗ ወደ መንጠቆው፣ ረጅሙ ቦይ ክሩ ወደሚገባበት ወገን ይሁን፤ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ትግፋ። ይህ ሲዛባ መንጠቆው ቀለበቱን አያገኘውምና ስፌቱ ይዘላል። ስሱ ድርያ በመርፌ ቀዳዳው በኩል ወደ ታች እየተሳበ ካስቸገረ ከሥሩ ስስ ወረቀት አንጥፎ መስፋት፣ በኋላም ወረቀቱን ቀድዶ ማውጣት ነው።

ክሩም ራሱ ይታይ። በሂርና በበረንዳ ላይ የሚሰፉ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ክራቸውን ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ ከድነው ያኖራሉ።

«ሐጂ፣ ክርዎን ለምን እንዲህ ይከድኑታል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣

«ፀሐይ ክር ይበላል፣ ልጄ» አሉኝ።

እውነት ብለዋል፤ በመስኮት ላይ ዓመት የቆየ ክር ቀለሙ ሳይለቅ ኃይሉ ይለቃል። እርሳቸው ክር ሲገዙ አንድ ክንድ ያህል ስበው ወደ ብርሃን ያነሡታል፤ ጠጕሩ የበዛ፣ ውፍረቱም እዚህም እዚያም የሚለያይ ከሆነ አይገዙም፤ ቀጥሎ በሁለት እጅ ጠልፈው ይበጥሱታል፤ በቀላሉ ከተበጠሰ ይመልሱታል። በቤቷ የምትሰፋም ሴት ይህን ብታደርግ የብዙ ሰዓት ድካም ታተርፋለች። ዘይቱን በሚመለከት ለስፌት መኪና የተሠራውን ብቻ ማድረግ ነው፤ የምግብ ዘይት ደርቆ ሙጫ ይሆናል።

በእግር የምትረገጠውን መኪና የሚመለከት አንድ ነገር ይቀረኛል። መዘውሩ ምንጊዜም ወደ ሰፊዋ መዞር አለበት፤ በስሕተት ወደ ኋላ ሲረገጥ መንጠቆው ክሩን በተገላቢጦሽ ይይዘዋል፤ ክሩም ወይ ይበጠሳል ወይ በቦቢኑ ቤት ዙሪያ ይጠመጠማል፤ ቺንጋው ሲላላ ደግሞ ይህ ስሕተት ይበዛል። ስለዚህ እግር መርገጫውን ከመንካቱ በፊት ቀኝ እጅ መዘውሩን ወደ ራስ ያስጀምር። ሥራው ሲያልቅም ክር ሳቢው ክንድ ከከፍታው ጫፍ ላይ ይቁም፤ ሁለቱ ክሮችም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ተርፈው ከእግሩ በስተኋላ ይቅሩ፤ በማግስቱ ስፌት ሲጀመር ሁለቱን ጫፎች በግራ እጅ ይዞ ሁለት ሦስት ስፌት ያህል መቆየት፣ ክሩ ከመርፌዋ እንዳይወጣም ከታች እንዳይከመርም ያደርጋል።