በአጥንት ሙሌት ላይ የተተከለ ጥርስ ይጸናልን?

የሰሊጥ ምርት ተሸጦ ገንዘብ በእጅ ሲገባ፣ በአብደራፊ የሚኖር ምእመን የወለቀ ጥርሱን ለማስተከል ወደ ከተማ ከመሄዱ በፊት የሰበካ ጉባኤውን ምክር ሊጠይቅ ይችላል። ለምላሹ ይረዳ ዘንድ ጉዳዩን በአጭሩ እናቀርባለን።

በጥርስ ተከላ የታይታኒየም ብሎን ከመንጋጋ አጥንት ጋር ተዋሕዶ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሸከማል። ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ብሮኔማርክ በ1965 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያው ታካሚያቸው የተከሉት ከ40 ዓመት በላይ አገልግሏል።

በላይኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል ግን ጥርስ ሲወልቅ አጥንቱ ይሳሳል፤ ከበላዩ ያለው ሳይነስ የተባለ የአየር ክፍተትም ወደ ታች ይሰፋል። ስለዚህ ሐኪሙ የክፍተቱን ስስ ሽፋን ከፍ አድርጎ ከሥሩ አጥንት ይሞላል። ሙሌቱ እስኪጠና ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 9 ወር ይፈጃል። በዚህ መልክ ከተተከሉት ከ10ሩ 9ኙ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ከዓመታት በኋላም በቦታቸው እንደሚገኙ ጥናቶች ያሳያሉ። በቦታው መቆየት ግን ጤናማ መሆን ማለት አይደለም፤ ትንባሆ፣ ያልተቆጣጠሩት የስኳር ሕመምና ያልጸዳ ድድ ቀስ በቀስ ያናጉታል።

ስለዚህ ምእመኑ ከብቱን ወይም ምርቱን ከመሸጡ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የምልልሱ ወጪ ጭምር ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው? ከተከላው በኋላ ማን ይከታተለዋል? ተነቃይ ጥርስ አይበቃውምን? ታክሞ ሊድን የሚችልን ጥርስ ግን ለመንቀል አይቸኩል።