አንድ የዞምቢ ጨዋታ እና የልጅ ልጄ ቅሬታ

ሐምሌ በደብረ ብርሃን ልጅን ውጭ የሚያስጫውት ወር አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናትና ዝናቡ ሲያባራ ጉሙ ይተካል፤ ጉሙ ሲገፈፍ ብርዱ ይገባል። ባለፈው ክረምት የአሥር ዓመቱ የልጅ ልጄ ለዕረፍት ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ ሻንጣው ውስጥ ከሹራቡ ቀድሞ የገባው በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ ነበር። ውጭ አገር የምትኖር አክስቱ የላከችለት ነው። ከመጫወቻው ጋር የፖስታ ቴምብር የምታህል ካርድ አለች። ካርዷ ላይ ያለው ጨዋታ ዞምቢ የሚተኮስበት ሲሆን ልጁ ስምንት ወር ሙሉ ሲጠብቀው ኖሯል።

የጨዋታውን ስም አልጽፍም። ነርስ ሆኜ ሳገለግል የበሽተኛ ስም ማውጣት አልለመድኩም፤ ለጨዋታም ይሁን ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጋቢ ተከናንቦ ሲተኩስ አመሸ። ሁለተኛው ቀን ቀነሰ። በሦስተኛው ቀን መጫወቻው ቡፌው ላይ ተዘግቶ ተቀምጧል። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። እናቱ «በቀን አንድ ሰዓት ብቻ» ብላ አስጠንቅቃኝ ስለነበር፣ ይህንን እንዴት እንደማስፈጽም ስጨነቅ በራሱ ጊዜ ተገላገልኩ። ግን ልጁ ፊቱ ጠቁሯል። እራት ላይ ከሽሮው ሁለቴ ጎርሶ ተወ። ግንባሩን ዳሰስኩት። ጡረታ ብወጣም እጄ አልተወም። ትኩሳት የለውም።

«ምን ሆነህ ነው የኔ ጌታ?»

«ምንም።»

በሥራ ዘመኔ «ምንም አላመመኝም» እንደሚል ልጅ ያስጠረጠረኝ በሽተኛ አልነበረም። ዝም ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ ወጣለት። «ለአክስቴ እንዳትነግሪብኝ። ጨዋታው አያስደስትም።» (የአዲስ አበባ ልጅ ነውና አንቺ ይለኛል፤ እኔም ለምጄዋለሁ።) አክስቱ የሌሊት ሥራ እየሠራች እንደገዛችለት ያውቃል። በስልክ «በጣም አሪፍ ነው» ብሏታል። ስለዚህ ቅሬታው ብቻውን አይደለም፤ ውሸቱም ሆዱን እየበላው ነው።

እስቲ አሳየኝ አልኩት። መነጽሬን አድርጌ፣ ቁርጥማት የያዛቸውን አውራ ጣቶቼን ቁልፎቹ ላይ አሳርፌ ጀመርኩ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሦስት ጊዜ ተበላሁ። ልጁ ከሦስት ቀን በኋላ የሳቀው ያኔ ነው።

«እነዚህ የሚመጡት እነማን ናቸው?» አልኩት።

«ዞምቢዎች ናቸዋ።»

«ዞምቢ ምንድን ነው?»

«ሰው ነበር። ሌላ ዞምቢ ነክሶት ታመመና እንደዚህ ሆነ።»

«ታሞ ከሆነ ለምን ይተኮስበታል?»

አሰበበት። «ሌላ የሚደረግ ነገር የለማ። የማከሚያ ቁልፍ የለውም።» ከዚያም ቅሬታውን በሁለት ቃል ነገረኝ፦ «ታሪክ የለውም። ይመጣሉ፣ ይተኮሳል፤ ይመጣሉ፣ ይተኮሳል፤ ከዚያ ሰዓቱ ያልቃል።»

ነገሩን ለሚያውቅ የወንድሜ ልጅ ብነግረው ሳቀ። እንዲህ ያለ ቅሬታ የልጆች ብቻ አይደለም። ካፕኮም የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሬዚደንት ኢቭል» በሚባሉ የዞምቢ ጨዋታዎቹ የታወቀ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ኔንቲዶ ስሪ ዲኤስ ለሚባለው የእጅ መጫወቻ «ዘ መርሴናሪስ ስሪ ዲ» የሚባል አወጣ። ቀድሞ በትልልቆቹ ጨዋታዎች ውስጥ እንደ ምርቃት ይሰጥ የነበረውን የሰዓት ሽሚያ ተኩስ ለብቻው አድርጎ ነው የሸጠው። ብዙ ተቺዎች «ለሙሉ ጨዋታ የሚበቃ ነገር የለውም» አሉ። የባሰው ደግሞ ካርዱ ላይ የተመዘገበው ውጤት የማይሰረዝ መሆኑ ነው። ልጅ ከታላቁ ቢወርሰው ወይም ቤተሰብ ያገለገለ ቢገዛ፣ የሚገጥመው ሌላ ሰው የጨረሰው ጨዋታ ነው፤ ከመጀመሪያው መጀመር አይቻልም። ጩኸቱ ሲበረታ ኩባንያው ያገለገለ ሽያጭን ለማገድ አስቦ እንዳላደረገው ተናገረ።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እዚያ ጨዋታ ውስጥ የሚተኮስባቸው ብዙዎቹ ሙታን አይደሉም፤ ጥገኛ ተውሳክ የገባባቸው መንደርተኞች ናቸው። ተውሳክ! አስካሪስና ኮሶ ሳክም ዕድሜዬን ለፈጀሁት ለእኔ ይህ በሽተኛ ነው። አንዳንዱ ቦታም የተቀዳው የ2009 እ.ኤ.አ. ከወጣው አምስተኛው ጨዋታ ነው። ያኛው መቼቱ በምናብ የተፈጠረ የአፍሪካ ከተማ ሲሆን፣ ነጭ ጀግና በጥቁር መንደርተኞች ላይ ሲተኩስ የሚያሳየው ማስታወቂያው በ2007 ሲወጣ ብዙ አነጋግሯል። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ እንዲህ ያለውን የሚጫወት ልጅ በየትኛው ወገን ሆኖ እየተኮሰ እንደሆነ ለአፍታ ማሰብ አይከፋም።

ዞምቢ የሚለው ነገር እንኳ መነሻው እንዲህ አልነበረም። ከሄይቲ ሕዝብ እምነት የመጣ ሲሆን፣ በዚያ ዞምቢ ሰው የሚበላ ሳይሆን ከሞት ተነስቶ በሌላ ሰው ፈቃድ የሚሠራ ምስኪን ባሪያ ነው። መንጋ ሆኖ ሰው የሚበላ ያደረገው ጆርጅ ሮሜሮ የሚባል አሜሪካዊ በ1968 እ.ኤ.አ. የሠራው ፊልም ነው። እኛስ ብንሆን ልጆቻችንን በጭራቅ እያስፈራራን አይደል ያሳደግነው? አያቴ እሳት ዳር የምትነግረን ጭራቅ ከማንኛውም ዞምቢ ይከፋ ነበር። ሆኖም ተረቱ ጫፍ ነበረው። ልጅቷ በብልሃት ታመልጣለች፣ ጭራቁ ይሞኛል፣ እኛም አያቴ ቀሚስ ሥር ተወሽቀን እንተኛለን። የልጅ ልጄ «ታሪክ የለውም» ያለው ይህ የጎደለው ይመስለኛል።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። በግቢዬ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ እናትና የዘጠኝ ዓመት ልጅ አሉ። ደብረ ብርሃን ከወለጋና ከሌሎችም አካባቢዎች የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎችን ያስጠለለች ከተማ ናት። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ወደ ደብረ ሲና ሲጠጋ ሌሎችም ተጨመሩባት። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተኩሱ ከተማችን ድረስ መጥቶ ሁላችንም ሰምተነዋል። ልጁ በመጣበት ምሽት ትንሿ ጎረቤቴ እኛ ቤት ነበረች። ጨዋታው ሲጀምር ተነስታ ወጣች። እኔ እንቅልፏ መጥቶ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ሳይ ኖሬ አላየኋትም።

በማግስቱ እናቷ መጣች። «ሲስተር፣ አይቆጡኝና የዚያን ነገር ድምፅ ቢቀንሱልን። ሌሊት አልተኛችም» አለችኝ። ልጁን አልተቆጣሁትም፤ እንዳለ ነገርኩት። ፊቱ ቀላ። ከዚያ በኋላ በማዳመጫ ብቻ ተጫወተ። እውነተኛ ተኩስ የሰማ ልጅ ባለበት ግቢ መጀመሪያ የሚታየው ድምፁ እንጂ ሰዓቱ እንዳልሆነ የተማርኩት በዚህ ዕድሜዬ ነው።

በዚያው ሳምንት አንድ ሌሊት ጅቡ ሲጮህ ልጁ እንቅልፍ አጣና ጠየቀኝ። «እማማ፣ ነክሶ ሰውን የሚለውጥ በሽታ በእውነት አለ?»

አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ለልጁ የነገርኩት ግማሹን ነው፤ ለእናንተ ሙሉውን እነግራችኋለሁ።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ መንገዱ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርስ አንኮበር ነው። የነገሥታቱ ግቢ የነበረበት ጉብታ፣ ገብስና በግ፣ ከታች ቆላው። ወጣት ነርስ ሆኜ እዚያ በሠራሁበት ዘመን አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት እረኛ አባቱ በበቅሎ አምጥቶት ነበር። ውሃ ስሰጠው ጣሳውን ገና ሲያይ ጉሮሮው ተያዘ፤ በሩ ተከፍቶ ነፋስ ሲነካው ተንቀጠቀጠ። አባትየው ምክንያቱን አያውቅም። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የዳነች ጠባሳ አገኘሁ። ሁለት ወር ሆኖታል። ልጁ ውሻ እንደነከሰው አልተናገረም፤ ከብቶቹን ጥሎ ሲጫወት ስለነበር አባቱ እንዳይመታው ፈርቶ ነው። በሦስተኛው ቀን ሞተ። አባቱ ደጋግሞ «ብነግርህ ኖሮ አለኝ፣ ብነግርህ ኖሮ» ሲል የነበረው ዛሬም ይሰማኛል።

በሽታው ከንክሻው ቦታ ተነስቶ በነርቭ ውስጥ ወደ አንጎል ይጓዛል። አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን የማይቻል ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይሞትበታል፤ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ሰውን የሚይዘው በአብዛኛው ከውሻ ነው።

ለልጁ የነገርኩት የዮሴፍ ማይስተርን ታሪክ ነው። በሐምሌ 1885 እ.ኤ.አ. ይህ የዘጠኝ ዓመት ፈረንሳያዊ ልጅ እብድ ውሻ ነክሶት እናቱ ፓሪስ ወደ ሉዊ ፓስተር ወሰደችው። ፓስተር ያኔ ክትባቱን የሞከረው በአብዛኛው በእንስሳት ላይ ነበር። ልጁ በተከታታይ ቀናት ተከተበና ዳነ። «ከዚያስ?» አለኝ የልጅ ልጄ ብድግ ብሎ። አደገ፤ በኋላም በፓስተር ስም በተቋቋመው ተቋም ዘበኛ ሆኖ ሠራ። «ይሄ ጌም ቢሆን ጥሩ ነበር» አለ።

በወጣትነቴ እዚህ የምንሰጠው ክትባት ሆድ ላይ ለብዙ ቀናት በየዕለቱ የሚወጋ ነበር፤ ሰዉም ከበሽታው ይልቅ መርፌውን ይፈራ ነበር። ዛሬ ክንድ ላይ የሚሰጥና ቁጥሩ ያነሰ ነው። ያልተለወጠው የቤት ሥራ ነው። የተነከሰውን ወይም የተቧጨረውን ቦታ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማጠብ። ቡና፣ ቅቤ፣ ቅጠል አይደረግበት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ። የባህል ሥር አምነው የሚቀሩ ብዙ ቤተሰቦች አውቃለሁ፤ ጠበሉንም ጸሎቱንም አልከለክልም፣ ግን ከክትባቱ ጋር ይሁን። ከሁሉም በፊት ደግሞ ልጁ መናገር እንዳይፈራ አድርጉ። «ውሻ ነከሰኝ» ብሎ ለሚመጣ ልጅ «ምን ልታደርግ ሄድክ?» የሚለው ጥያቄ ይቆይ።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። አልወሰድኩበትም። ማሸጊያው ላይ የዕድሜ ምልክት አለ፤ አክስቱም ሻጩም እኛም አላየነውም፤ ሳየው ለአሥር ዓመት ልጅ የሚሆን አልነበረም። ለእናንተ ግን ቀላል ነው። ካርዱን ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ያለችውን ቁጥር አንብቡ። የአውሮፓው ምልክት 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 ይላል፤ የጨዋታውን ክብደት እንጂ ችሎታን አያሳይም። መጫወቻው ላይም ወላጅ በምስጢር ቁጥር የሚቆልፍበት አለ። ዓይኑን በየሃያ ደቂቃው አሳርፎ ራቅ ወዳለ ነገር ይይ፤ በመኝታ ሰዓት ጋቢ ውስጥ አይግባ። ሱስ ነው አይደለም የሚለውን ጭቅጭቅ ለሐኪሞች እተዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጌም ሱስን ከሕመሞች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ ግን የሚለው ትምህርቱን፣ ቤተሰቡንና እንቅልፉን ጥሎ ለረጅም ጊዜ ማቆም ላቃተው ሰው እንጂ ክረምት ላይ ለሰለቸው ልጅ አይደለም።

እሑድ ለአክስቱ ደወልን። እሱ ራሱ ነገራት። መስመሩ ላይ ዝም አለችና «እኔም እኮ ሥዕሉን አይቼ ነው የገዛሁት» ብላ ሳቀች። በሚቀጥለው አብረው ሊመርጡ ተስማሙ።

ዝናቡ ባባራበት አንድ ከሰዓት ከጎረቤቴ ልጅ ጋር የራሳቸውን ጨዋታ ሠርተው አገኘኋቸው። እሷ ነርስ ናት፣ እሱ ውሻ የነከሰው ሰው። መጫወቻው ማሽን መስኮቱ ላይ ተከፍቶ ሰዓት ይቆጥራል። እግሩ የጓሮ ቧንቧ ሥር ነው፤ እሷም በቤት ሳሙና ታሸዋለች።

«እማማ፣ በረደኝ!» አለ ሲያየኝ።

«ስንት ደቂቃ ሆነ?» አልኳት።

«ዘጠኝ።»

«ስድስት ይቀረዋል» አልኩና ፎጣ ላመጣ ገባሁ።