ለቃጠሎ ቅቤ ሳይሆን ውኃ

በዋግ ኽምራ ገጠር እሳት የሚነደው በመሬት ላይ፣ በሦስት ጉልቻ መካከል ነው። እናት የምትጋግረው፣ ቡና የሚፈላውና ሕፃን ዳዴ የሚለው በዚያው ዙሪያ በመሆኑ ከሰቆጣ እስከ ጽጽቃ ባሉ አጥቢያዎች ቃጠሎ እንግዳ ነገር አይደለም። የጽንሐ ፍምም ዲያቆናትን የሚያቃጥልበት ጊዜ አለ።

ቆዳ ከእሳት ከራቀ በኋላም በያዘው ሙቀት መጎዳቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ሊፈስበት ይገባል፤ አደጋው ከደረሰ እስከ 3 ሰዓት ድረስም ይጠቅማል። ውኃ ከሩቅ ምንጭ በጀሪካን በሚቀዳበት አገር ይህን ያህል ውኃ ከየት ይመጣል የሚሉ ካህናት አሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የተቃጠለውን እጅ በንጹሕ ሳፋ ውኃ ውስጥ መንከር፣ ወይም ንጹሕ ጨርቅ እያራሱ ቶሎ ቶሎ መለወጥ ይቻላል። ሕፃን ከሆነ የቀረው ሰውነቱ እንዳይበርደው በጋቢ ይሸፈን። ቀለበትና አምባር ቆዳው ሳያብጥ ይውለቁ፤ ቃጠሎው አንገት ላይ ከሆነ ማተቡም ይላላ። ከቆዳ የተጣበቀ ልብስ ግን አይጎተት።

ቅቤ ሙቀቱን አፍኖ ያስቀራል። ጭቃና እበት መንጋጋ ቆልፍን ሊያስከትሉ ይችላሉ። የጥርስ ሳሙናም ቢሆን መድኃኒት አይደለም። ውኃ የቋጠረው ሳይፈነዳ፣ ታጥቦ በደረቀ ንጹሕ ጨርቅ ላላ ተደርጎ ይሸፈን።

ከታማሚው መዳፍ የሚሰፋ፣ ፊትን፣ እጅን፣ መገጣጠሚያን ወይም ኀፍረተ ሥጋን የነካ፣ እንዲሁም የሕፃን ቃጠሎ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ የማያም ቃጠሎ ቀላል ይመስላል፤ የማያመው ግን ጥልቅ ስለ ሆነ ነው።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እሳት ላይ ሲወድቅ «ይተላለፋል» በሚል ፍርሃት ሳይነሣ የሚቆይበት ጊዜ አለ። በሽታው በመንካት አይተላለፍም፤ ይህን ከዐውደ ምሕረት መናገር የካህናት ድርሻ ነው ብለን እናምናለን።

ስለ ማሳከክ በአጭሩ እንጨምር። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት በአማራ ክልል በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በእከክ ተይዘው ነበር። በጠባብ ጎጆ ተጠጋግተው የሚያድሩ የአብነት ተማሪዎች ዛሬም በቀላሉ ይያዛሉ። በሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መካከልና በወገብ ዙሪያ የሚወጣ ማሳከክ ከታየ አንዱን ተማሪ ብቻ ማከም ከንቱ ድካም ነው። በጎጆው ያሉት ሁሉ በአንድ ቀን በጤና ባለሙያ የታዘዘውን ቅባት ይቀቡ፤ ልብሳቸውና መኝታቸው በፍል ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ የማይታጠበው በፕላስቲክ ታስሮ ቢያንስ 3 ቀን ይቆይ። ጠበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን አያቋርጥ። ማሳከኩ ከሕክምናው በኋላ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊዘልቅ ስለሚችል፣ ሰበካ ጉባኤው ይህን አስቀድሞ ለመምህሩ ይንገር፤ አለዚያ ተማሪዎቹ መድኃኒቱ አልሠራም ብለው ደጋግመው ይቀቡና ቆዳቸው ይቆጣል።