ዲስኩ ከነከቨሩ ነው?

ያገለገለ የፕሌይስቴሽን ዲስክ ፍለጋ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ወዳሉት ጌም ቤቶች የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከነከቨሩ ነው?» ብሎ ነው። መልሱ በአብዛኛው «አይደለም» ነው። ሻጩ ከመሳቢያው የሚያወጣው ዲስኩን ብቻ ነው፤ ቢበዛ ነጭ የወረቀት ኪስ ውስጥ ከትቶ። ፕላስቲክ ከቨሩ፣ በፊቱ ላይ የነበረው ሥዕል፣ ውስጡ የነበረችው ቀጭን መምሪያ፣ አንዳቸውም የሉም። ገዢው ዲስኩን ገልበጥ አድርጎ ያይና ወይ «ኮፒ ነው» ብሎ ይመልሰዋል፣ ወይ ዋጋውን በግማሽ ይቆርጣል። በዚህ ፍርድ ብዙ ጥሩ ዲስክ ያለጥፋቱ ሲናቅ አይቻለሁና ስለ ከቨሩ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

ስለ ዲስኩ ምንነት ረጅም ነገር አያስፈልግም። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን የሚያነበው ሲዲ ነበር፤ ሁለተኛው ሲዲም ዲቪዲም፤ ከሦስተኛው ወዲህ ብሉሬይ ነው። ሁሉም 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አላቸው።

ከቨሩ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው ዲስኩ አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ነው። እኛ ሰፈር የሚደርሰው ጌም በአብዛኛው የሻንጣ ዕቃ ነው፤ ወይ ከዱባይ የሚመላለስ ነጋዴ ያመጣዋል፣ ወይ ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣ ዘመድ። ለመንገደኛው የተፈቀደለት በአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው፤ በዚያች 23 ኪሎ ውስጥ ደግሞ ጫማ አለ፣ የሕፃን ልብስ አለ፣ ቫይታሚን አለ፣ የጎረቤት አደራ አለ። አንድ ዲስክ 15 ግራም ገደማ ነው። ከቨሩ ከዲስኩ በብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ ውፍረቱም ከ1 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ መንገደኛው ዲስኮቹን አውልቆ በዚፕ የምትዘጋ የሲዲ ቦርሳ ውስጥ ይደረድርና ባዶዎቹን ከቨሮች እዚያው ጥሏቸው ይመጣል። ሥራዋ ይኸው የሆነ አንዲት ነጋዴ ለምን እንደማታመጣቸው ብጠይቃት «ከቨር አየር ነው፤ ለአየር ኪሎ አልከፍልም» አለችኝ። ሌላም ምክንያት አለ። እንደታሸገ የመጣ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ለንግድ የገባ ይመስላል ብሎ የሚሰጋ ብዙ ሰው አለና፣ ላስቲኩን ቀዶ፣ ካርቶኑን ጥሎ፣ የራሱ መገልገያ አስመስሎ ይዞት ይገባል። የፕሌይስቴሽን ማሽኖችም ካርቶናቸውን የሚያጡት በአብዛኛው እንዲሁ ነው።

ከነከቨሩ የገባውም ቢሆን ዲስኩና ከቨሩ ብዙ አብረው አይቆዩም። ፒኤስ 4 (አራተኛው ፕሌይስቴሽን) ጨዋታውን ከዲስኩ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገለብጠዋል፤ ለመጫወት ግን ዲስኩ ማሽኑ ውስጥ መኖር አለበት። ጌም ቤት ውስጥ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚጫወቱት ኳስ ነው። ፊፋ የገባበት ማሽን ፊፋውን እንደያዘ ወራት ይከርማል፤ ከቨሩ በዚህ መሀል መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል፣ ማጠፊያው ይሰበራል፣ አንድ ቀን ከቆሻሻ ጋር ተጠርጎ ይወጣል። ባለቤቱ ማሽኑን ሲሸጥ ዲስኩ በማሽኑ ሆድ ውስጥ እንዳለ አብሮ ይሄዳል። የስፖርት ጌም በየዓመቱ አዲስ ስለሚወጣለት ያለፈውን ዓመት ከቨር ለማስቀመጥ የሚደክም የለም። (ኢኤ በፊፋ ስም ያወጣው የመጨረሻው ጌም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የወጣው ፊፋ 23 ነው፤ ተከታዩ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ቢባልም ሰፈሩ እስከ ዛሬ ፊፋ ይለዋል።) ቤት መቀያየርም አለ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. የልደታ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ስንት ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ተነሥቷል። ዕቃ ሲጫን ባዶ ካርቶንና ባዶ ከቨር ቀድሞ የሚጣል ነው።

ውጭ አገርም ነገሩ አዲስ አይደለም። የኒንቴንዶ የድሮ ካሴቶች አሜሪካ ውስጥ ይሸጡ የነበረው በወረቀት ካርቶን ነው፤ ልጁ ቀዶ ይከፍተዋል፣ ካሴቱ ራሱ ጠንካራ ፕላስቲክ ስለሆነ ካርቶኑን የሚፈልገው የለም። በዚያው ዘመን የነበሩት የሴጋ ሜጋ ድራይቭ ጌሞች ብዙዎቹ በፕላስቲክ መያዣ ስለወጡ ዛሬም ከነመያዣቸው ይገኛሉ። አከራይ ሱቆች ኦሪጅናሉን ካርቶን ትተው በራሳቸው መያዣ ያከራዩ ነበር። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ጥቂት ካርቶን ዛሬ ወርቅ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 አንድ ያልተከፈተ ሱፐር ማሪዮ 64 አሜሪካ ውስጥ በሄሪቴጅ ጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ካርቶን የሌለው ያው ካሴት በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገኛል፤ ጨዋታው ግን አንድ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልግባ። ከቨር የሌለው ዲስክ ኮፒ ነው የሚለው እምነት በእኔ ግምት የመጣው ከሁለት ቦታ ነው።

አንደኛው ከስልክ ነው። ያገለገለ ስልክ ስንገዛ ካርቶኑን የምንጠይቀው በበቂ ምክንያት ነው፤ ካርቶኑ ላይ ያለው አይኤምኢአይ ቁጥር ከስልኩ ጋር ይመሳከራል። ፕሌይስቴሽንም ሲሪያል ቁጥር አለው፣ ካርቶኑም ላይ ያው ቁጥር ታትሟል። እንግዲህ ማሽን የሚገዛ ሰው ካርቶን ቢጠይቅ አስተዋይ ነው። ዲስክ ላይ ግን ይህ አይሠራም። ዲስኩና ከቨሩ ላይ የምታዩት ኮድ የጨዋታው ኮድ ነው፤ በዚያ አገር የተሸጡት ቅጂዎች ሁሉ ያንኑ ይይዛሉ። ስለዚህ የዚህ ዲስክ ከቨር ይሄኛው ነው፣ ያኛው አይደለም ብሎ መመስከር የሚችል ቁጥር የለም። ስርቆትን የሚፈራ ሰውም ከቨሩ አያድነውም፤ ሌባ ዲስኩን ከነከቨሩ ለመውሰድ የሚከለክለው ነገር የለምና።

ሁለተኛው ምንጭ የፒኤስ 2 ዘመን ነው። ያኔ ቺፕ በተገጠመላቸው ማሽኖች ላይ የምንጫወተው በአብዛኛው የተገለበጠ ዲቪዲ ነበር፤ ዲቪዲውም ባማረ ባለቀለም ወረቀት ተሸፍኖ በላስቲክ ኪስ ነበር የሚሸጠው። ይህንን ያየ ሰው በተቃራኒው መማር ነበረበት እላለሁ። ባለቀለም ፕሪንተር ያለው ሁሉ ከቨር ያትማል፤ ዲስክ እንደ ኦሪጅናሉ ማተም ግን ፋብሪካ ይፈልጋል። መመርመር ያለበት ዲስኩ ነው።

ዲስክ ደግሞ ለሚያውቀው ሰው ራሱን ይገልጣል። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ኦሪጅናል ዲስክ የታችኛው ገጹ ጥቁር ነው። ብዙ ሰው የኮፒ መከላከያው ጥቁረቱ ይመስለዋል፤ አይደለም። ሶኒ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ፣ በሚወዛወዘው መስመር ውስጥ፣ የአገር ምልክት ደብቋል፤ ለጃፓን አንድ፣ ለአሜሪካ አንድ፣ ለአውሮፓ አንድ። የቤት ኮምፒውተር ያንን መስመር መገልበጥ አይችልም፤ ማሽኑም ምልክቱን ካላገኘ አይከፍትም። ቺፕ የሚባለው ነገር ሥራው ያንን ምልክት ከዲስኩ የመጣ አስመስሎ ለማሽኑ መንገር ነበር። ጥቁሩን ቀለም ሌላም ሰው ሊያመጣው ይችላል፤ የተደበቀውን ምልክት ግን ያለ ፋብሪካው ማንም አያመጣውም።

ፒኤስ 2 ላይ ትልቁ ስሕተት የሚሠራው በሰማያዊው ዲስክ ነው። አንድ ወጣት አብነት አካባቢ የገዛውን ዲስክ ይዞ መጥቶ፣ ገልብጦ እያሳየ «ሆዱ ሰማያዊ ነው፤ ተሸወድኩ» ሲል ሰምቼዋለሁ። አልተሸወደም። በፒኤስ 2 መጀመሪያ ዓመታት ትናንሽ ጨዋታዎች በሲዲ ይወጡ ነበር፤ ሶኒ እነዚያን ሲዲዎች ሆን ብሎ ሰማያዊ አደረጋቸው። በዲቪዲ የወጡት ደግሞ ብርማ ናቸው። ቤት ውስጥ የተገለበጠ ዲቪዲ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ብርሃን ላይ ብታዘነብሉት የተጻፈበት ክፍል ካልተጻፈበት በቀለም ተለይቶ ይታያል። ወደ ቀዳዳው ጠጋ ብላችሁ የውስጠኛውን ቀለበት እዩ፤ ፋብሪካ ያተመው ዲስክ እዚያ ላይ እንደ መስተዋት በሚያበራው ክፍል ደቃቅ ፊደልና ቁጥር፣ ብዙ ጊዜም ባርኮድ አለው። በላይኛው ገጽ ላይ ያለው ኮድም የዲስኩን አገር ይነግራችኋል፤ ኤስኤልዩኤስ ብሎ የሚጀምር የአሜሪካ ነው፣ ኤስኤልኢኤስ ብሎ የሚጀምር የአውሮፓ። ከአሜሪካ የመጣ ማሽንና ጌም በድሮ ቴሌቪዥናችን ላይ ጥቁርና ነጭ ይሆንብን የነበረው የሁለቱ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት ስለሚለያይ ነው፤ ዲስኩ ጥፋት አልነበረበትም። የተገለበጡት ግን በእርግጥ የሚጎድላቸው ነበር። እንደ ጎድ ኦፍ ዋር 2 ያሉ ትልልቅ ጨዋታዎች 8.5 ጊጋባይት በሚይዝ ዲቪዲ ነው የወጡት፤ ገልባጩ በ4.7 ጊጋባይት ለማስገባት ሲል ቪዲዮዎቹን ይቀንሳቸው ወይም ያወጣቸው ነበር።

ዛሬ በብዛት የሚሸጠው የፒኤስ 4 ዲስክ ጋ ስንደርስ ጥርጣሬው ጨርሶ መሠረት የለውም። ቤት ውስጥ የተገለበጠ ብሉሬይ ፒኤስ 4 ላይ አይነሣም። ጄልብሬክ የተደረገ፣ ማለትም መከላከያው የተሰበረ ማሽን ላይ ጨዋታው የሚጫነው በፋይል ነው፤ ከሃርድ ዲስክ ይነሣል እንጂ በዲስክ አይመጣም። እንግዲህ ምንም ባልተነካካ ማሽን ላይ ገብቶ የሚሠራ የፒኤስ 4 ዲስክ ኦሪጅናል ነው፤ ከቨር ኖረው አልኖረው። አንዲት እናት ለልጃቸው ዲስክ ሊገዙ ወርደው «ልጄ፣ ማሸጊያው ከሌለ ደህና ዕቃ ነው ትላለህ?» ሲሉ ሰፈራችን ያለ ልጅ የመለሰላቸውን ወድጄለታለሁ። «እማማ፣ ከቨሩን ተዉት፣ ሲሠራ ይዩት» ብሎ ዲስኩን ማሽን ውስጥ ከተተው፤ ጨዋታው እስኪጫን ወንበር ሰጥቶ አስቀመጣቸው።

ከቨሩ ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። አንዳንዴ ከቨሩ ራሱ የጨዋታው አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሜታል ጊር ሶሊድ መሀል ላይ ተጫዋቹ ሜሪል ከምትባለው ገጸ ባሕርይ ጋር በሬዲዮ መገናኘት አለበት፤ የሬዲዮ ቁጥሯን ሲጠይቅ ከሲዲው መያዣ ጀርባ ላይ ነው ይሉታል። ጨዋታው ውስጥ ዕቃ የሚፈልግ ስንቱ ተንከራቷል! ቁጥሩ የታተመው እጁ ላይ ባለው እውነተኛው ከቨር ጀርባ ላይ ነበር፤ 140.15። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ስታርትሮፒክስ ከዚህም ይብሳል፤ በካርቶኑ ውስጥ የወረቀት ደብዳቤ ነበረ፣ ውኃ ሲነካው 747 የሚል ቁጥር ይወጣበታል፤ ያለዚያ ቁጥር መቀጠል አይቻልም። የኮምፒውተር ጌሞች መክፈቻ ኮድም በመምሪያው ወይም በከቨሩ ላይ ይታተም ስለነበር ከቨሩ ከጠፋ ዲስኩ አብሮ ይሞታል። ሳን አንድሪያስ የሚባለው ጌም ካርታ ደግሞ ከከቨሩ ወጥቶ ስንት መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። የወረቀቱ ነገር ያሳዝነኛል፤ አንድ ሰው አስቦ፣ ሥሎ፣ ጽፎ ያዘጋጀው ነበርና።

ከቨር የሌለውን ዲስክ አያያዛችን ግን ከማሳዘን አልፎ ያናድደኛል። እንደ እንጀራ የሚደራርቡት አሉ። ቴሌቪዥን ላይ ሆዱን ወደ ታች አድርገው የሚያስቀምጡት አሉ። በላዩ ላይ የሱቃቸውን ስም በስኪሪፕቶ የሚጽፉበትም አሉ። ሲዲ ላይ መረጃው ያለው ከሥዕሉ በታች፣ በስስ ሽፋን ሥር ነው፤ ስለዚህ ከላይ መጫር ከታች ከመጫር ይብሳል። ዲቪዲ ላይ መረጃው በሁለት ባለ 0.6 ሚሊ ሜትር ገጾች መሀል ነው። ብሉሬይ ላይ ደግሞ ከታችኛው ገጽ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ገባ ብሎ ነው ያለው፤ ፋብሪካው ጠንካራ ቅብ ቢቀባውም ጥልቅ ጭረት ካገኘው አይድንም። የሚጠርጉትም በሸሚዝ ጫፍ ዙሪያውን እያሹ ነው። እባካችሁ፣ ለስላሳ ጨርቅ ያዙ፣ ከመሀል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ። ክብ ጭረት ከመረጃው መስመር ጋር አብሮ ስለሚሄድ ማሽኑ ሊያርመው አይችልም፤ ቀጥ ብሎ የሚያቋርጠውን ግን ብዙ ጊዜ ይዘለዋል።

ዲስክ የምትገዙ ሰዎች፣ ሻጩን «አስገባና አሳየኝ» በሉት፤ ተጭኖ እስኪያልቅና ጨዋታው እስኪጀምር ቁሙ። ሆዱንና ቀለበቱን እዩ። ከዚያ በኋላ ከቨር የለውም ብላችሁ ዋጋ በግማሽ አትቁረጡ፤ በተረፈው ገንዘብ የሲዲ ቦርሳ ግዙለት። ቤታችሁ አልጋ ሥር ባዶ ከቨር ያላችሁ ደግሞ ከቆሻሻው ጋር አታውጡት። ታች ጌም ቤት ውሰዱት፤ ዲስኩ ብቻውን ተቀምጦ ይሆናል።