መስኮቱ የሚያሳየውና ሌንሱ የሚያየው

በሬንጅፋይንደር ካሜራ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሌንሱ የሚያየውን አያይም። ዓይኑን የሚያስጠጋበት መስኮት ከሌንሱ ከፍ ብሎ በስተግራ በኩል የተተከለ ሌላ ቀዳዳ ነው፤ ፎቶውን የሚሠራው ግን ሌንሱ ነው። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ይህ ልዩነት እምብዛም አያስጨንቅም። ወደ 28ና ወደ 21 ስንወርድ ግን ዳር የቆመ ሰው መግባቱም መቅረቱም አጠራጣሪ ይሆናል። እኛ ዘንድ ደግሞ ከፎቶ መቅረት ቀላል ነገር አይደለም። የሠርጉ ፎቶ አዲስ አበባ ደርሶ ፊቷ ለሁለት የተቆረጠ አክስት ብትገኝ፣ «ጥፋቱ የካሜራው ነው» ብንላት የምታምነን አይመስለኝም። ስለዚህ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ላጫውታችሁ።

ምሳሌ የማደርገው የላይካን ኤም ካሜራዎች ነው፤ የሌሎቹም አሠራር ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ኤም3 መስኮቱ ላይ የነበሩት መስመሮች የ50፣ የ90ና የ135 ሚሊሜትር ብቻ ነበሩ። የ28 መስመር የመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1980 ግድም፣ በኤም4-ፒ ነው። እነዚህ ብሩህ መስመሮች ፎቶው የት ላይ እንደሚያበቃ ያሳያሉ፤ ቅርብ ነገር ላይ ፎከስ ስናደርግ ደግሞ ወደ ታችና ወደ ቀኝ ይንሸራተቱና መስኮቱ ከሌንሱ የራቀበትን ያካክሳሉ። ግሩም ብልሃት ነው።

ነገር ግን መስመሮቹ የሚለውጡት ቦታቸውን እንጂ መጠናቸውን አይደለም። ማንኛውም እንዲህ ያለ ሌንስ ቅርብ ሲያተኩር የሚያቅፈው በመጠኑ ይጠባል፣ ሩቅ ሲያተኩር ይሰፋል። ስለዚህ ፋብሪካው አንድ ርቀት መርጦ መስመሩን በዚያ ልክ ይሠራል፤ በ2009 የወጣው ኤም9 ለአንድ ሜትር፣ እሱን የተካው ታይፕ 240 ለሁለት ሜትር። ከዚያ ርቀን ስናነሳ ከመስመሩ ውጭ የነበረ ነገር፣ ያልጠራነው እንግዳም ጭምር፣ ፎቶው ውስጥ ይገባል። እውነቱን ለመናገር ይህ ስሕተት በ90ና በ135 ይበረታል እንጂ በሰፊ ሌንስ ትንሽ ነው። የሰፊ ሌንስ ችግር ሌላ ነው፤ መስመሩን ማየቱ ራሱ ነው የሚያስቸግረው። 0.72 እጥፍ በሚያሳይ መስኮት ላይ የ28 መስመር ጥግ ጥጉን ይዟልና፣ እንደኔ መነጽር ያደረገ ሰው አራቱን ማዕዘን በአንድ ጊዜ ማየት አይሆንለትም። እኔ ዓይኔን ከግራ ወደ ቀኝ አንከራትቼ ነው የማጣራው። የቀኙን ታችኛ ማዕዘን ደግሞ ሌንሱ ራሱ ይጋርደዋል፤ በቡድን ፎቶ መሬት ላይ የምናስቀምጣቸው ሕፃናት ብዙውን ጊዜ እዚያው ናቸው!

ለ21 ሚሊሜትር ላይካዎቹ መስመር የላቸውም። ስለዚህ ፍላሽ በሚሰካበት ቦታ ላይ ለብቻዋ የምትሸጥ ትንሽ መመልከቻ እንሰካለን፤ በካሜራው መስኮት ፎከስ እናደርግና በእሷ እንከፍፋለን። እሷ ግን ከፎከሱ ጋር የሚያገናኛት ነገር ስለሌለ አትንቀሳቀስም። ከሌንሱ መሐል ስድስት ሳንቲሜትር ከፍ ትላለች እንበል። አራት ሜትር ላይ 21 ሚሊሜትር ሌንስ አራት ሜትር ተኩል ያህል ቁመት ስለሚያቅፍ፣ ስድስት ሳንቲሜትር ከቁጥር አይገባም። ሰባ ሳንቲሜትር ላይ ግን የሚያቅፈው ቁመት 75 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ያው ስድስት ሳንቲሜትር ስምንት በመቶ ይሆናል። ከላይ ያየነው ፀጉር ወይም ነጠላ ይቆረጣል፣ ከታች ያላየነው ወለል ይገባል።

ብዙ ሰው ይህን ለማረም ካሜራውን ወደ ላይ ያቀናል። እኔ አልመክርም። ሰፊ ሌንስ ትንሽ ሲቀና የግድግዳና የበር መስመር ሁሉ እርስ በርሱ ይጋደማል። ይልቅ ካሜራውን ሳያዘነብሉ፣ እንዳለ፣ በስድስት ሳንቲሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ሌንሱ ቅድም መመልከቻዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ይደርሳል። አንዳንድ መመልከቻዎች ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ዓይነት ውኃ ልክ በውስጣቸው ይዘዋል፤ ዋጋቸው ቢያንገሸግሽም ለዚህ ሥራ ደግ ናቸው።

ይህ ከፍ የማድረግ ዘዴ ሌላም ጥቅም አለው። ቡና ሲፈላ አስቡት። በመመልከቻዋ ስናይ የጀበናው አፍ ከአፍዪዋ ቀሚስ ጥለት ዝቅ ብሎ፣ ነጩ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሌንሱ ግን ዝቅ ካለ ቦታ ስለሚያይ ጥለቱና የጀበናው አፍ ይደራረቡበታል። መስመር ቢንሸራተት ይህን አያድነውም፤ ቅርቡና ሩቁ የሚተያዩበት ቦታ የሚስተካከለው ሌንሱ ራሱ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ከታይፕ 240 ወዲህ ያሉት አብዛኞቹ ዲጂታል ኤሞች ሌንሱ የሚያየውን በጀርባቸው መስተዋት ላይ ያሳያሉ። ለጀበናው ይበጃል። ሰው ሲስቅ ለመያዝ ግን እኔ አሁንም መስኮቱን እመርጣለሁ።

የራሳችሁን ካሜራ ጠባይ ለማወቅ የጡብ ግድግዳ ፈልጉ። ካሜራውን በእግሩ ላይ አቁማችሁ ከአንድ፣ ከሁለትና ከአምስት ሜትር፣ የመስመሩን አራት ጠርዝ ጡብ ላይ አስተካክላችሁ አንሱ፤ ከዚያ በየጎኑ ስንት ጡብ እንደተጨመረና እንደጎደለ ቁጠሩ። ቁጥሩን ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከካሜራው ቦርሳ ውስጥ ክተቱት።